ከአዲስ አበባ እስከ ሸዋ ሮቢት፤ ስለ አውቶሞቢል መስተዋት ላብ

በአውቶሞቢል መንገድ የሚሄድ ሰው ስለ ሞተሩ፥ ስለ ጎማውና ስለ ቤንዚኑ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ስለ ፊት መስተዋቱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሞተር ቢደክም መኪናው ይቆማል፤ ጎማ ቢተነፍስ መንገደኛው ይዘገያል፤ መስተዋት ላብ ሲለብስ ግን መኪናው እየሮጠ ነጂው ዕውር ይሆናል። ይህን በ2010 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንጓዝ በራሳችን ላይ ደርሶ ተምረነዋል። ነገሩ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ሆኖ ስላገኘነው፥ የመንገዱን ወሬና የተማርነውን ምክር አንድ ላይ አድርገን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

የጕዟችን ምክንያት በሮቢት የሚኖሩት የአክስታችን ታናሽ እኅት ታመው ስለ ነበረ አክስታችን ሊጠይቋቸው መፈለጋቸው ነበረ። ወራቱ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ክረምቱም በርትቶ ነበር። በመኪናው ውስጥ የነበርነው ነጂው፥ አክስታችን፥ እኛ ባልና ሚስት፥ ሁለትም ልጆች፥ በጠቅላላው ስድስት ነፍስ ነን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ስለ ነበረ ስንገባ ጫማችን ጭቃና ውሃ ይዟል፤ የአክስታችን ጋቢ ጫፉ ርሷል፤ ጃንጥላውንም እንዳንረሳው ብለን ውሃው ሳይራገፍ ከኋላ ወንበር ሥር ከተትነው። እንደዚህ አድርገን መስኮቱን ሁሉ ዘግተን በማለዳ ተነሣን። ያን ጊዜ ከእኛ ጋራ ምን ያህል ውሃ ጭነን እንደ ሄድን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከአዲስ አበባ በሰንዳፋና በሸኖ አልፎ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ደጋ ስለ ሆነ በነሐሴ ወር ሜዳው ሁሉ ለምልሞ፥ ገብሱና ባቄላው በግራ በቀኝ ቆሞ ይታያል። ሰንዳፋን እንዳለፍን በኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆች የጎኑ መስተዋት ላብ መልበሱን አይተው በጣታቸው ሀ ሁ ሂ እያሉ ይጽፉበት ጀመር። እኛም ትምህርታቸውን አለመርሳታቸው ደስ ስላለን ዝም አልናቸው። ጥቂት ቆይቶ ላቡ ጠፋ፤ ፊደሉም አብሮት ጠፋ። ከሸኖ ወዲያ መስተዋቱ እንደገና ላብ ሲለብስ ግን ያው ፊደል ማንም ሳይነካው ተመልሶ ታየ። ልጆቹ በዚህ እጅግ ተደነቁ። ምክንያቱ የጣታቸው ቅባት በመስተዋቱ ላይ ቀርቶ መኖሩ ነው፤ እንፋሎት በንጹሕ መስተዋት ላይና ቅባት በነካው መስተዋት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አያርፍምና።

ሸኖ በለጋ ቅቤዋ ስሟ የታወቀ አገር ናት። ወራቱ ጾም ቢሆንም አክስታችን ለፍልሰታ ፍቺ የሚሆን ቅቤ አስገዝተው በእግራቸው ሥር አስቀመጡ። ቅቤውን ሲያቀብሉ የነበሩት ልጆችም እጃቸውን በመስተዋቱ ላይ ማሳረፋቸው አልቀረም። የሸኖ ቅቤ ለራስ ጠጕርና ለዶሮ ወጥ የተመሰገነ ነው፤ ለመስተዋት ግን ጠላት መሆኑን በኋላ ተረዳነው።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ ስለ ጸና ወርደን ሻይ ጠጣን። ይህች ከተማ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተቈረቈረች ናት፤ ስሟም በዚያ ዘመን በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን የመጣ ነው ይባላል። ከፍታዋ 2,800 ሜትር ያህል ስለ ሆነ በብርዷና በብርድ ልብስ ሥራዋ የታወቀች ናት። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ በሮቹ ተከፍተው ስለ ቆዩ መስተዋቱ ሁሉ ጠርቶ አገኘነው። ምክሩ በዓይናችን ፊት ቆሞ ነበር፤ እኛ ግን አላስተዋልነውም። በሮቹን ዘግተን መንገዳችንን ቀጠልን።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ በጉዶ በረት አድርጎ ወደ ጣርማ በር የሚወስደው መንገድ እያደገ ይሄድና ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ላይ ከቆላው የሚነሣው እንፋሎት ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ስለሚሆን፥ በክረምት ወራት አገሩ በቀትርም ቢሆን እንደ ሌሊት የሚጨልምበት ጊዜ አለ። እኛም ጉዶ በረትን ካለፍን በኋላ ጉሙ ተቀበለን። ነጂው መብራቱን አብርቶ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር። በፊታችን አንድ ከባድ የጭነት መኪና ጢሱን እየለቀቀ ይሄድ ስለ ነበረ፥ ጢሱ ወደ እኛ እንዳይገባ ብሎ የውጭውን አየር የሚያግደውን ቁልፍ ተጫነ። ይህን ያደረገው ለእኛ አስቦ ነው። ወዲያውም አክስታችን፥

«ልጄ፥ ይህን ነፋስ ዝጋልኝ፤ ደረቴን ወጋኝ» አሉት።

«እሺ፥ እማማ» ብሎ ከፊት ይነፍስ የነበረውንም አየር ዘጋው።

በአገራችን በመኪና ውስጥ ነፋስ ይመታኛል የሚል ሰው፥ ይልቁንም ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሲሆን፥ እንቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ሁላችንም ነገሩን እንደ መልካም ጠባይ ቈጠርነው። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል እንደ ሄድን ግን የፊቱ መስተዋት ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነ። ነጂው በእጅጌው አበሰው፤ ያበሰው ስፍራ እንደ ወተት እየተዝረከረከ የባሰ ደበዘዘ። የዝናቡን መጥረጊያ አስነሣው፤ መጥረጊያው ግን የሚሠራው በውጭ ስለ ሆነ የውስጡን ላብ ሊነካው አልቻለም። ነጂው አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጁን ባሳረፈባት በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ያይ ጀመር። እኛ ከጉሙ የተነሣ ነው ብለን እናስብ ነበር።

በዚህ መካከል ነጂው በድንገት ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው እየተንሸራተተ ሄዶ ቆመ። ጎማው በቆመበትና በበጎቹ መካከል የቀረው አራት ክንድ የማይሞላ ስፍራ ነበረ። ከበጎቹ መካከል ባና የለበሰ፥ ዕድሜው ዐሥር ዓመት የሚሆን እረኛ ልጅ በትሩን ይዞ ቆሟል። ልጁ አልጮኸም፤ አላለቀሰምም። ወደ ነጂው መስኮት ቀርቦ መስተዋቱ ዝቅ ሲልለት፥

«አላያችሁኝም?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

ነጂው መልስ አጣ፤ እኛም መልስ አልነበረንም። መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ ወደ ውጭ ስንመለከት ጉሙ ከገመትነው የሳሳ ሆኖ፥ ልጁን ከሠላሳ እርምጃ ላይ ለማየት የሚያስችል እንደ ነበረ ተረዳን። ልጁን የሸሸገብን የተራራው ጉም አይደለም፤ የገዛ ትንፋሻችን ነው።

መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር አውጥተን ደንግጠን ስንቆም፥ ከኋላችን ይመጣ የነበረ አንድ የጭነት መኪና ቆመና በዕድሜ የገፉ ሾፌር ወርደው ምን እንደ ደረሰብን ጠየቁን። ነጂያችን አሁንም መስተዋቱን በጨርቅ ሲፈትግ አይተው ፈገግ አሉና፥

«ልጄ፥ የምታብሰው ውሃውን ነው እንጂ ምንጩን አይደለም፤ ምንጩ እናንተ ናችሁ» አሉት።

ከዚያም እጃቸውን አስገብተው ያሠራሩን አሳዩት። የውጭውን አየር ያግድ የነበረውን ቁልፍ መልሰው ከፈቱት፤ የሚነፍሰው አየር ወደ ፊት መስተዋቱ እንዲሄድ አደረጉ፤ ማሞቂያውን ወደ ሙቅ አዞሩት፤ በዚያው ላይ ኤሲውን ጨመሩበት፤ በኋለኛው መስተዋት ውስጥ ያሉትን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች የሚያሞቀውንም ቁልፍ ተጫኑ። በመጨረሻም የፊትና የኋላ መስኮት በሰያፍ ሁለት ጣት ያህል እንዲከፈት ነገሩን።

አክስታችን ግን ይህን ሲሰሙ፥ «ታዲያ ይህ ሁሉ ጉም ይግባብን?» አሉ።

«እናቴ፥ የውጭው ጉም በውጭ ይቀራል። መስተዋቱን ያለበሰው የእናንተ ሙቀትና ትንፋሽ ነው፤ መውጫ ካላገኘ የት ይሂድ?» ብለው ሾፌሩ መለሱላቸው።

አክስታችን ጥቂት አሰቡና፥ «የድስት ክዳን ነው በለኛ! ከፈት ካላደረጉት ላቡ ተመልሶ ወጡ ላይ ይንጠባጠባል» አሉ። ይህን ብለው ነጠላቸውን በደረታቸው ላይ ደርበው መስኮቱን በገዛ እጃቸው ዝቅ አደረጉት። እነሆ፥ መስተዋቱ ከታች ጀምሮ እየጠራ ወደ ላይ ወጣ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶም መንገዱ፥ በጎቹና ዘወር ብሎ ይመለከተን የነበረው ልጅ ሁሉም በግልጽ ታዩ።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። አየር እንደ ሙቀቱ መጠን ውሃን በእንፋሎት መልክ ይሸከማል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውሃ ሊሸከም ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ያህል ብቻ፥ በ5 ዲግሪም 7 ግራም ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በመኪናው ውስጥ ያለው ሙቅና እርጥብ አየር ከቀዝቃዛው መስተዋት ጋራ ሲገናኝ ስለሚቀዘቅዝ፥ ሊሸከም ያልቻለውን ውሃ በመስተዋቱ ላይ ይጥለዋል። አንድ ሰው በትንፋሹ ብቻ በቀንና በሌሊት ከሩብ ሊትር የማያንስ ውሃ ያወጣል። በዚህ ላይ የስድስት ሰው ትንፋሽ፥ የራሰ ጋቢ፥ የጃንጥላና የጫማ ውሃ ሲጨመር መስተዋቱ ምን ያህል እንደሚጫንበት ለመገመት አያስቸግርም።

ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ ነው፤ በውጭ ጉም ወይም ዝናብ ሲሆን የውጭው አየር ከውስጡ ይልቅ እርጥብ ነው ብሎ ያስባል። ነገር ግን በ10 ዲግሪ ብርድ ያለ የጉም አየር ያዘለው እንፋሎት ከ9 ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ ይኸው አየር ወደ መኪናው ገብቶ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ መሸከም የሚችለው 17 ግራም ስለሚሆን ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። ባዶውንም በመስተዋቱ ላይ ባለው ውሃ ይሞላና ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ብርዱን አስገብቶ ማሞቅ መድኃኒት ነው፤ ሙቀቱን ዘግቶ መያዝ ግን በሽታውን ማሳደግ ነው።

ኤሲ የሚባለውም ለቆላ ብቻ የተሠራ ነው ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል። በውስጡ ያለው ቀዝቃዛ ቱቦ እንደ መስተዋቱ ሆኖ የአየሩን ውሃ በራሱ ላይ ያስቀራል፤ ውሃውም በመኪናው ሥር እየተንጠባጠበ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማሞቂያው አየሩን ስለሚያሞቀው ወደ መስተዋቱ የሚነፍሰው አየር ደረቅም ሙቅም ይሆናል። ሁለቱ ባንድነት ሲሠሩ ተቃራኒ ቢመስሉም አንዱ ለአንዱ ረዳት ነው። ይህ መሣሪያ በሌለው አሮጌ መኪና ግን ማሞቂያው፥ ሁለት ጣት ያህል የተከፈቱ መስኮቶችና ደረቅ ጨርቅ ይበቃሉ።

ከዚያ ተነሥተን በጠላት ወረራ ዘመን ጣልያኖች በሠሩት፥ ርዝመቱ ከ500 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ በደኅና አለፍን። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። በደብረ ሲና የቆሎ ሻጮች ሴቶች መኪናውን ከብበው «ቆሎ፥ ትኩስ ቆሎ» ሲሉን አክስታችን ለልጆቹም ለነጂውም ገዙ። ከደብረ ሲና በታች በአርማንያ በኩል ቁልቁል ሲወረድ ብርዱ እየራቀ፥ ሙቀቱ እየቀረበ ይሄዳል። ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጋቢ አገር ወደ ማራገቢያ አገር መውረድ ነው።

ወደ ሮቢት ስንቃረብ መሽቶ ነበር፤ ዝናብም ዘንቦ ማባራቱ ነበረ። ነጂው ስለ ሙቀቱ ብሎ ኤሲውን እጅግ አቀዝቅዞ ወደ ፊት መስተዋቱ እየነፈሰ እንዳለ መስተዋቱ እንደገና ደበዘዘ። እርሱም የጠዋቱን ትምህርት አስታውሶ ብርዱን ቢጨምር የባሰ ሆነ፤ በጨርቅም ቢያብስ ምንም አልለቀቀም። ጣታችንን አስነክተን ብናየው ላቡ በውስጥ ሳይሆን በውጭ ኖሯል። ሕጉ ያው ነው፤ ወገኑ ብቻ ተገልብጧል። በደጋው መስተዋቱን ያቀዘቀዘው ውጭ ሲሆን እርጥቡ አየር ውስጥ ነበረ፤ በቆላው ግን መስተዋቱን ከውስጥ ያቀዘቀዝነው እኛ ስንሆን ሙቁና እርጥቡ አየር በውጭ ነው። መድኃኒቱም የዝናቡን መጥረጊያ ማስነሣት፥ ቀዝቃዛውን አየር ከመስተዋቱ ላይ ማዞር፥ ብርዱንም መቀነስ ነው። እንዲህ ቢደረግ ወዲያው ጠራ። ስለዚህ መስተዋት ሲደበዝዝ አስቀድሞ በጣት ነክቶ ላቡ በየትኛው ወገን እንዳለ ማወቅ ይገባል።

በሮቢት በቆየንባቸው ሦስት ቀናት ነጂው መኪናውን ለመልስ መንገድ አሰናዳ። ይህንም እንዳየነው እንጽፈዋለን፤ በየቤቱ ሊደረግ የሚችል ነውና። አስቀድሞ ምንጣፎቹን አውጥቶ በፀሐይ አደረቀ። ቀጥሎ የመስተዋቱን የውስጥ ወገን በሳሙና ውሃ አጥቦ፥ በንጹሕ ውሃ አብሶ፥ በደረቅና ጭረት በማይሰጥ ጨርቅ ወለወለው፤ የቅቤውም እድፍ፥ የልጆቹም ፊደል ያን ጊዜ ጠፋ። ከዚህ በኋላ ጥቂት ሳሙና በጨርቅ ነክቶ እጅግ በሳሳ መጠን ቀባና እስኪጠራ ድረስ በደረቅ ጨርቅ አሸው። እንዲህ ሲደረግ ውሃው ነጠብጣብ ሆኖ መቆሙ ቀርቶ እንደ ስስ ሽፋን ይዘረጋል፤ ስለዚህ ለጥቂት ቀን ያህል መስተዋቱ ቶሎ አይደበዝዝም። ሳሙናው ከበዛ ግን ማታ የሌላ መኪና መብራት ሲመታው ዓይንን ያውካል። ደግሞም የሚገባውን አየር የሚያጣራውን ፊልትሮ አውጥቶ ቢመለከት በአቧራ ታፍኖ ስላገኘው ለወጠው፤ እርሱ ሲታፈን የሚነፍሰው አየር ጉልበት ያጣልና።

በዚህ ሁሉ እየተደረገ መስተዋቱ ሳያቋርጥ ላብ የሚለብስ፥ ላቡም ቅባት ያለበትና ጣፋጭ ሽታ የሚሰጥ እንደ ሆነ፥ በማሞቂያው ውስጥ የሚዞረው የራዲያተር ውሃ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ለመካኒክ ማሳየት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ በደብረ ብርሃንና በመሰለው ደጋ በውጭ ያደረ መኪና መስተዋቱን ውርጭ ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ የፈላ ውሃ ማፍሰስ መስተዋቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል፥ በማሞቂያው ቀስ በቀስ ማቅለጥ ወይም ማታውኑ በሸራ ሸፍኖ ማሳደር ይሻላል። መስተዋቱ ሳይጠራ ግን አንድ እርምጃ እንኳ መንዳት አይገባም፤ በመንገድ ላይም ሳለ ከጨለመ ዳር ይዞ መቆም እንጂ በእጅጌ እያበሱ መሮጥ ሞትን መጥራት ነው።

ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ነው። በመኪና ውስጥ ሽማግሌ ሲበርደው ብርድ ልብስ መደረብ እንጂ አየር መዝጋት አክብሮት አይደለም። ጋቢ ለሰውነት ተሠርቷል፤ መስተዋት ለዓይን ተሠርቷል፤ አንዱን በሌላው መለወጥ አይቻልም። ነጂም መስኮት ልክፈት ሲል ስለ ራሱ ምቾት ሳይሆን በመንገዱ ላይ ስላለው የማያውቀው ሰው ልጅ እንደሚለምን ማወቅ ይገባል።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ታማሚዋ እኅታቸው ተሽሏቸው፥ እኛም ተሰናብተን ልንነሣ ስንል፥ አክስታችን ገና ሳይቀመጡ ነጂውን «መስተዋቱን አይተኸዋል?» ብለው ጠየቁት። አይቶታል። ጃንጥላውም ተራግፎ ከዕቃው ጋራ ወደ ኋላ ተጭኗል። ጣርማ በር ስንወጣ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ በዚያ አካባቢ የምኒልክ መስኮት በሚባለው አፋፍ የቆመ ሰው የሚያየው ያ ሰፊ ቆላ ከሥራችን ተዘርግቶ ታየን። እረኛው ልጅ ከነበረበት ስፍራ ስንደርስ ነጂው ማንም ሳይነግረው ዝግ አለ። በጎች ነበሩ፤ ልጁ ግን አልነበረም። አክስታችን ብርዱ ቢጸናም መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል እንደ ከፈቱት እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጡ።